ስለ ሠንጠረዥ መዝገብ አያያዝ ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት



ቀድሞ የማዳበሪያና የዘር ጥያቄያችሁ የሚጻፈው በወፍራም መዝገብ ላይ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ቀበሌዎችና በኅብረት ሥራ ማኅበራት ጽሕፈቱ ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል። ጽሕፈቱን የሚይዘውም ብዙውን ጊዜ ኤክሴል የሚባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ነው። ገበሬው ስንት ኩንታል እንደ ጠየቀ፣ ስንት እንደ ወሰደ፣ ስንት ብር እንደ ከፈለና ስንት ዕዳ እንደ ቀረበት የሚታወቀው ከዚያ ነው። እንግዲህ ስለ አፈርና ስለ ዘር እንደምንማር ሁሉ ስለዚህም መሣሪያ መማር ይገባናል።

መሣሪያው በመደመርና በማባዛት ሰውን ይበልጣል። ነገር ግን የሚደምረው የሰጡትን ብቻ ነው። አረም የተቀላቀለበት ዘር የዘራ ሰው አረም እንደሚያበቅል ሁሉ፣ ስሕተት ያስገባም ስሕተት ያወጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን አረም በማሳ ላይ ሲወጣ በዓይን የሚታይ መሆኑና በሠንጠረዥ ውስጥ የገባ ስሕተት ግን አለመታየቱ ነው። ስሕተቱ በመስመር ተሰልፎ፣ ንጹሕ መስሎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ይወጣል። የዚህ ትምህርት ዋና አሳብ እንዲህ ያለው ስሕተት ገበሬው ዘንድ ሳይደርስ እንዴት እንደሚያዝ ማሳየት ነው።

በእኔ የደረሰው ነገር

ከእርሻ ኮሌጅ ወጥቼ በአንድ የደጋ ቀበሌ በልማት ሠራተኛነት ሳገለግል፣ በ2010 ዓ.ም. የ64 አባወራዎችንና እማወራዎችን የማዳበሪያ ዝርዝር በኤክሴል ጻፍሁ። በእደላው ቀን ስም ለመጥራት እንዲመቸኝ ዝርዝሩን በፊደል ተራ ለማሰለፍ አሰብሁ። የስሙን ዓምድ ብቻ መረጥሁና የማሰለፊያውን ትእዛዝ ሰጠሁ። ፕሮግራሙ አንድ ጥያቄ በእንግሊዝኛ አቀረበልኝ። ቸኩዬ ስለ ነበር በደንብ ሳላነብ ሁለተኛውን መልስ ነካሁ።

ስሞቹ በፊደል ተራ ተሰለፉ። ቁጥሮቹ ግን በነበሩበት ቀሩ። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሰው ስም በሌላ ሰው ማዳበሪያ ፊት ቆመ ማለት ነው። እኔም ጠቅላላ ድምሩን አየሁ፤ አልተለወጠም። ድምሩ ካልተለወጠ ዝርዝሩ ትክክል ነው ብዬ አተምሁት።

በእደላው ቀን አንዲት እናት ስማቸው ሲጠራ መጡ። ያላቸው መሬት ሩብ ሄክታር ነው። በዝርዝሩ ግን 4 ኩንታል ተጽፎባቸዋል።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዕዳ የሚችል መሬት የለኝም። የማን ነው?» አሉኝ።

«እማማ፣ በመዝገቡ ላይ የእርስዎ ተብሎ ነው የተጻፈው» ብዬ መለስሁላቸው።

እርሳቸው ግን «መዝገቡ መሬቴን አያውቀውም፤ እኔ አውቀዋለሁ» ብለው አንቀበልም አሉ። ያን ጊዜ በእጅ የተጻፈውንና የፈረሙበትን ወረቀት አውጥቼ ባመሳክር የእርሳቸው ግማሽ ኩንታል ሆኖ ተገኘ። ከእርሳቸው በፊት 11 ሰዎች የማይገባቸውን ጭነው ሄደው ነበር። ከእነርሱም አንዱ ሁለት ሄክታር ስንዴ ለመዝራት አርሶ የጨረሰ ገበሬ ሲሆን፣ ተጭኖለት የሄደው ግማሽ ኩንታል ብቻ ነበር። የተሳሳተውን ሰብስበን እስክናስተካክል 9 ቀን አለፈ። ዝናቡም አልጠበቀንም።

ይህን የምጽፈው ከእኔ ጥፋት እንድትማሩ ነው። ያዳነን ኮምፒዩተሩ አይደለም፤ ወረቀቱና የራሳቸውን መሬት የሚያውቁ አንዲት እናት ናቸው።

የሠንጠረዡ ክፍሎች

የሠንጠረዥ ፕሮግራም አዲስ ነገር አይደለም። ለግል ኮምፒዩተር ከተሠሩት የመጀመሪያው ቪዚካልክ የተባለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን የተባሉ አሜሪካውያን ያወጡት ነው። ኤክሴልን ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1985 አወጣው። ሊብሬ ኦፊስ የሚባለው ያለ ክፍያ የሚገኘው ፕሮግራምም በብዙ ነገር ከኤክሴል ጋር ይመሳሰላል።

ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ዓምድ ይባላል፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እየተባለ በላቲን ፊደል ይጠራል። ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደው ረድፍ ይባላል፤ በቁጥር ይጠራል። ዓምዱና ረድፉ የሚገናኙበት ሳጥን ሴል ይባላል። ለምሳሌ በዲ ዓምድ በ2ኛው ረድፍ ያለው ሴል ዲ2 ነው። ሒሳብ እንዲሠራ የሚታዘዘው በእኩል ምልክት በመጀመር ነው። ከዲ2 እስከ ዲ65 ያለውን ለመደመር =ሰም(ዲ2:ዲ65) ተብሎ ይጻፋል፤ ቃሉና ፊደሎቹ በኮምፒዩተሩ ላይ በላቲን ይገባሉ።

በዚህ ትምህርት ውስጥ ኤ መለያ ቁጥር፣ ቢ ስም፣ ሲ መሬት በሄክታር፣ ዲ ማዳበሪያ በኩንታል ነው እንበል። የመጀመሪያው ረድፍ የርእስ ረድፍ ነው። እንግዲህ የልማት ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የሚያነሧቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንመልከት።

1ኛ ጥያቄ፦ ሁሉን አስገብቼ ድምሩ ለምን ያንሳል?

መልስ፦ ምናልባት በአንዳንዱ ሴል ውስጥ «3 ኩንታል» ተብሎ ተጽፎ ይሆናል። ለሰው ይህ ቁጥር ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ጽሑፍ ነው። የመደመሪያው ትእዛዝ ጽሑፍን ያልፈዋል፤ ማለፉንም አይናገርም። በግዕዝ አኃዝ ፫ ወይም ፬ ተብሎ የተጻፈውንም እንዲሁ እንደ ጽሑፍ ይቆጥረዋል። ስለዚህ በሴሉ ውስጥ ቁጥር ብቻ ይጻፍ፤ ኩንታል የሚለው መለኪያ በርእሱ ላይ አንድ ጊዜ ይጻፍ። በአንድ ዓምድ ውስጥም መለኪያ አይቀላቀል። አንዱ 2 ኩንታል ለማለት 2፣ ሌላው 200 ኪሎ ለማለት 200 ከጻፈ፣ ድምሩ 202 ይሆናል፤ 202 ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ግን የለም። ጥማድም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ መሬቱን በሄክታር መጻፍ ይሻላል።

ስሕተቱ በሁለት መንገድ ይታወቃል። አንደኛ፣ የሴሎቹ አሰላለፍ በእጅ ካልተለወጠ በቀር፣ ቁጥር ወደ ቀኝ ይጠጋል፤ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል። ከቁጥሮች መካከል ወደ ግራ የተጠጋ ካለ እርሱን መርምሩ። ሁለተኛ፣ =ካውንት(ዲ2:ዲ65) የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። ይህ ቁጥር የያዙትን ሴሎች ብቻ ይቆጥራል። ገበሬዎቹ 64 ሆነው መልሱ 61 ከሆነ፣ ሦስት ገበሬዎች ከድምሩ ውጭ ቀርተዋል ማለት ነው። የሦስቱም ማዳበሪያ ከመጋዘን አይመጣም።

2ኛ ጥያቄ፦ ሩብ ሄክታር ብዬ 1/4 ብጽፍ ቀን ሆኖ ወጣ፤ ምን ይደረጋል?

መልስ፦ ኤክሴል በቁጥሮች መካከል የተዘበራረጠ መስመር ሲያይ ቀን ይመስለዋል። ቀንንም በውስጡ የሚይዘው ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየቆጠረ በተራ ቁጥር ነው። ለምሳሌ 1/4 እ.ኤ.አ. በ2025 ቢጻፍ፣ ቀንን በሚያስቀድም ኮምፒዩተር ላይ ኤፕሪል 1 ይሆናል፤ የውስጥ ቁጥሩም 45,748 ነው። የመሬቱን ዓምድ ስትደምሩ ለአንዲት ሩብ ሄክታር 45,748 ሄክታር ይጨመራል ማለት ነው።

ይህ ችግር በእኛ ብቻ አልደረሰም። የሰውን የዘር ቅንጣት የሚያጠኑ ሊቃውንት አንዳንዱን ጂን ከወር ስም ጋር በሚመሳሰል ምሕጻር ይጠሩት ስለ ነበር፣ ኤክሴል ቀን እያደረገ አስቸገራቸው። የጂን ስሞችን የሚሰይመው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ የእነዚያን ጂኖች ስም መለወጡን አስታወቀ። እኛ ግን መፍትሔያችን ቀላል ነው፤ ሩብን 0.25፣ ግማሽን 0.5፣ ሦስት ሩብን 0.75 ብለን እንጽፋለን።

3ኛ ጥያቄ፦ የዘሩበትንና ያጨዱበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዴት ላስገባ?

መልስ፦ ይህ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ያሻዋል። ኤክሴል ቀን ብሎ የሚያውቀው የፈረንጆችን አቆጣጠር ነው፤ ጳጉሜን አያውቅም። ጥቅምት 30 ቀን 2016ን 30/2/2016 ብላችሁ ብትጽፉ፣ የፈረንጆች ሁለተኛ ወር 30 ቀን ስለሌለው ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ጥቅምት 20ን 20/2/2016 ብትሉት ግን ቀንን በሚያስቀድም ኮምፒዩተር ላይ ፌብሩዋሪ 20 አድርጎ ይቀበለዋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ገበሬ ስንዴውን ሐምሌ 10 ቀን 2016 ዘርቶ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. አጨደ እንበል። ትክክለኛው ልዩነት 125 ቀን ነው፤ ይኸውም አራት ወር ከነጳጉሜው 5 ቀን ነው። 10/11/2016 እና 10/3/2017 ብላችሁ አስገብታችሁ አንዱን ከሌላው ብትቀንሱ ግን፣ ቀንን በሚያስቀድም ኮምፒዩተር ላይ 120 ይላችኋል። ወርን በሚያስቀድም ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ 357 ይላችኋል። አንድ ማሳ፣ አንድ ሰብል፣ ሦስት መልስ። የዘር ዓይነቶችን በሚደርሱበት ጊዜ ለማወዳደር የተነሣ ሰው በዚህ መዝገብ ቢመራ ለገበሬው የተሳሳተ ዘር ይመክራል።

ስለዚህ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት ዓምድ ለያይታችሁ በተራ ቁጥር ጻፉ። የቀኖችን ብዛት ማወቅ ስትፈልጉ ለእያንዳንዱ ቀን እንዲህ አስሉ፦ ዓመቱን በ365 አባዙ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ ሙሉውን ቁጥር ብቻ ጨምሩ፤ ወሩን በ30 አባዝታችሁ ጨምሩ፤ ቀኑን ጨምሩ። ሙሉውን ቁጥር ብቻ ለመውሰድ ኢንት የሚባለው ትእዛዝ ያገለግላል። ከላይ ባለው ምሳሌ ለሐምሌ 10 ቀን 2016 የሚገኘው 736,684፣ ለኅዳር 10 ቀን 2017 የሚገኘው 736,809 ነው። ልዩነቱ 125 ነው። ይህ ስሌት ጳጉሜ 5 በሆነችበትም፣ 6 በሆነችበትም ዓመት ይሠራል።

4ኛ ጥያቄ፦ አንዱ ገበሬ ሁለት ሰው ሆኖ ለምን ይቆጠራል?

መልስ፦ ኃይሉ፣ ሀይሉና ሐይሉ በጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሐይም እንዲሁ ናቸው። ከስሙ በኋላ የቀረ ባዶ ቦታም ሰውን ከራሱ ጋር ያለያየዋል። በመጋቢት በአንድ ፊደል ተጽፎ በሰኔ በሌላ ፊደል የተጻፈ ገበሬ ዕዳው በአንዱ ስም ይቀርና ክፍያው በሌላው ስም ይገባል። እርሱም ከፍሎ ሳለ ያልከፈለ ይባላል።

መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ አባወራና እማወራ አንድ የማይለወጥ መለያ ቁጥር መስጠት ነው። ቁጥሩ ለሌላ ሰው አይሰጥ፤ ሰውየው ቢሞት ወይም ቢሄድም ለወራሽ ወይም ለአዲስ መጪ አይተላለፍ። ፍለጋውም፣ ድምሩም፣ ክፍያውም በቁጥሩ ይደረግ፤ ስሙ ለመጥሪያ ይሁን። እንዲሁም የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም መጻፍ ይገባል፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ በራስና በአባት ስም የሚመሳሰሉ ሰዎች ብዙ ናቸውና።

5ኛ ጥያቄ፦ የስልክ ቁጥሩ ዜሮ ለምን ይጠፋል?

መልስ፦ ኤክሴል ስልኩን የሚቆጠር ቁጥር አድርጎ ስለሚያየው ፊተኛውን ዜሮ ይጥለዋል። 13 አኃዝ ያለውን የባንክ ሒሳብ ቁጥርም አሳጥሮ በማይነበብ መልክ ያሳየዋል። 16 አኃዝ ያለው ቁጥር ሲገባ ደግሞ የሚይዘው 15ቱን ብቻ ስለ ሆነ የመጨረሻውን ዜሮ ያደርገዋል፤ ይህም ከተቀመጠ በኋላ ተመልሶ አይገኝም። የማይደመርና የማይባዛ ቁጥር ሁሉ እንደ ጽሑፍ መያዝ አለበት። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ዓምዱን መርጣችሁ ዓይነቱን ቴክስት አድርጉት፤ ወይም ከቁጥሩ በፊት አንዲት ነጠላ የጥቅስ ምልክት አስቀድሙ።

6ኛ ጥያቄ፦ የአንዱን ገበሬ ሒሳብ ወደ ታች ስቀዳ የሌሎቹ ዋጋ ለምን ዜሮ ይሆናል?

መልስ፦ የአንድ ኩንታል ዋጋ በኤች1 ተጽፏል እንበል። ለመጀመሪያው ገበሬ =ዲ2*ኤች1 ብላችሁ ወደ ታች ስትቀዱት፣ ፕሮግራሙ ሁለቱንም አንድ ረድፍ ያወርዳቸዋል። ለሁለተኛው ገበሬ ዲ3ን በኤች2 ያባዛል። ኤች2 ባዶ ስለ ሆነ መልሱ ዜሮ ይሆናል። በኤች2 ሌላ ነገር ተጽፎ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ እውነት የሚመስል የተሳሳተ ዋጋ ይወጣል። ዋጋው ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ በፊደሉና በቁጥሩ ፊት የዶላር ምልክት አድርጉ፤ =ዲ2*$ኤች$1 ማለት ነው። የዶላር ምልክቱ ከብር ጋር ግንኙነት የለውም፤ በረት ውስጥ እንደ ታሰረ በሬ ሴሉን ይይዘዋል።

7ኛ ጥያቄ፦ ዘግይቶ የተመዘገበ ገበሬ በድምሩ ለምን አልገባም?

መልስ፦ ድምሩ ከዲ2 እስከ ዲ65 ተብሎ ታዟል። አዲሱ ገበሬ በ66ኛው ረድፍ ከተጻፈ ከአጥሩ ውጭ ነው። ፕሮግራሙ አንዳንድ ጊዜ አጥሩን ራሱ ያሰፋዋል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ስለዚህ አዲስ ረድፍ ከመጨረሻው ገበሬ በላይ አስገቡ፤ ወይም ድምሩን በጻፋችሁ ቁጥር እስከ የት እንደሚደርስ ተመልከቱ።

እንዲህ ያለ ስሕተት ታላላቅ ሰዎችንም ያገኛል። ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ መንግሥታት ዕዳ ያወጡት ጽሑፍ በብዙ አገሮች ሲጠቀስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ቶማስ ኸርንደን የተባለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሠንጠረዣቸውን ሲመረምር፣ አማካዩ ሲሠራ አምስት አገሮች ከአጥሩ ውጭ መቅረታቸውን አገኘ። ሊቃውንቱም ይህን ስሕተት አመኑ። እነርሱ አምስት አገር ከረሱ፣ እኛ አንድ ገበሬ እንዳንረሳ ምን ያህል መጠንቀቅ ይገባናል!

8ኛ ጥያቄ፦ በቁጥር ፋንታ #### ሲወጣ ምን ማለት ነው?

መልስ፦ አትደንግጡ፤ ምንም አልጠፋም። ብዙ ጊዜ ዓምዱ ጠብቦ ነው። የዓምዱን ጠርዝ በርእሱ ፊደል ላይ ሁለት ጊዜ ብትነኩት ይሰፋል። ከዚህ ሌላ በእንግሊዝኛ ቃል የሚወጡ የስሕተት ምልክቶች አሉ። በዜሮ ወይም በባዶ ሴል ስታካፍሉ፣ የነበረ ረድፍ ስትሰርዙ፣ ቁጥርን ከጽሑፍ ጋር ስታባዙ ይወጣሉ። እነዚህ ምልክቶች ወዳጆች ናቸው፤ ስሕተት መኖሩን ይነግሯችኋልና። የሚያስፈራው ምንም ሳይናገር የሚያልፈው ነው።

9ኛ ጥያቄ፦ ዝርዝሩን በፊደል ተራ ለማሰለፍ ትክክለኛው መንገድ የትኛው ነው?

መልስ፦ በእኔ የደረሰው እንዳይደርስባችሁ አንድ ዓምድ ብቻ መርጣችሁ አታሰልፉ። በሠንጠረዡ ውስጥ አንድ ሴል ብቻ ነክታችሁ አሰልፉ፤ ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ተያይዞ ያለውን ሠንጠረዥ ሁሉ ይወስዳል። ነገር ግን በመካከል ባዶ ዓምድ ወይም ባዶ ረድፍ ካለ ከዚያ ወዲያ ያለውን ይተወዋልና ባዶ ቦታ አታኑሩ። አንድ ዓምድ መርጣችሁ ከሆነና ፕሮግራሙ ከጠየቃችሁ፣ ምርጫው ይስፋ የሚለውን የመጀመሪያውን መልስ ስጡ። ሁለት ሴሎችን አዋሕዶ አንድ ማድረግም ማሰለፍን ስለሚያሰናክል በዝርዝር ውስጥ አይደረግ።

ካሰለፋችሁ በኋላ ድምሩን አይታችሁ አትመኑ፤ ስሞች ቢዘበራረቁም ድምር አይለወጥም። ከላይ አንድ፣ ከመካከል ሦስት፣ ከታች አንድ ሰው መርጣችሁ ከተፈረመው ወረቀት ጋር አመሳክሩ። አምስቱ ከተስማሙ ረድፎቹ አብረው ለመሄዳቸው ጥሩ ምልክት ነው። ስሕተት ካገኛችሁ ኮንትሮልና ዜድ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ በመጫን ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል።

10ኛ ጥያቄ፦ መብራት ቢጠፋ ሥራዬ ይጠፋል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ማስቀመጥ በኋላ የተጻፈው ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ አሥር ገበሬ በጻፋችሁ ቁጥር ኮንትሮልና ኤስን አንድ ላይ ተጭናችሁ አስቀምጡ። ማታ ማታ ቅጂውን በፍላሽ አኑሩ፤ ፍላሹ ከኮምፒዩተሩ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይደር። በየቅጂው ስም ላይ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በዚሁ ቅደም ተከተል ጻፉ። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻው መጨረሻ» የሚሉ ስሞች ግን የትኛው ኋለኛ እንደ ሆነ አይናገሩም።

ለገበሬው የሚነገር ምክር

ወንድሜ ገበሬ፣ እኅቴ ገበሬ፤ ይህ ሁሉ የጸሐፊው ሥራ ነው ብላችሁ አትተዉት። በሠንጠረዡ ውስጥ ያለው ረድፍ የእናንተ ነው። ማንበብ ባትችሉም መስማትና ማስላት ትችላላችሁ። ከመፈረማችሁ ወይም አውራ ጣታችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት «ረድፌን አንብብልኝ» በሉ። ሲነበብላችሁም አምስት ነገር አድምጡ፦ መለያ ቁጥራችሁን፣ ስማችሁን እስከ አያት፣ የመሬታችሁን ስፋት፣ የማዳበሪያውን ልክ፣ ጠቅላላ ዋጋውን። ልኩን በአንዱ ዋጋ አባዙና ከጠቅላላው ጋር አስተያዩ። ካልተስማማ «ኮምፒዩተሩ ነው ያወጣው» የሚለውን መልስ አትቀበሉ። ኮምፒዩተሩ መሬታችሁን አያውቅም። የከፈላችሁበትንም ደረሰኝ ደረቅ ቦታ አኑሩ።

የልማት ሠራተኛውም እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት እንደ ድፍረት ሊቆጥረው አይገባም። ያቺ እናት በዚያ ቀን ዝም ብለው ጭነው ቢሄዱ ኖሮ ስሕተቴ እስከ መከር ድረስ አይታወቅም ነበር። መከር ሲደርስም ዕዳው በእርሳቸው ላይ፣ የከሳው ስንዴ በዚያ ገበሬ ላይ ይቀር ነበር።

በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወሻ

1. በአንድ ሴል አንድ ነገር፣ በአንድ ዓምድ አንድ መለኪያ።
2. ክፍልፋይ በነጥብ ይጻፍ፤ 0.25፣ 0.5፣ 0.75።
3. ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት ዓምድ።
4. ለእያንዳንዱ ገበሬ አንድ የማይለወጥ መለያ ቁጥር።
5. ስልክና የባንክ ቁጥር እንደ ጽሑፍ ይያዝ።
6. ድምሩ እስከ የት እንደሚደርስ ይታይ፤ የቁጥሮቹም ብዛት ከገበሬዎቹ ብዛት ጋር ይመሳከር።
7. ሲሰለፍ ሠንጠረዡ ሁሉ አብሮ ይሰለፍ፤ ከዚያ አምስት ረድፍ ከወረቀቱ ጋር ይመሳከር።
8. የተፈረመው ወረቀት ኮምፒዩተር መጣ ተብሎ አይጣል።
9. ዝርዝሩ ከመታተሙ በፊት በገበሬዎቹ ፊት ይነበብ።

መልመጃ

ሀ. በአንድ ዓምድ ውስጥ 2፣ 1.5፣ 3 ኩንታል፣ 0.5 እና 4 ተብሎ ተጽፏል። ኮምፒዩተሩ ስንት ይደምራል? እውነተኛው ስንት ነው?

ለ. ሰኔ 25 ቀን 2017 የተዘራ ሰብል ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ቢታጨድ ስንት ቀን ቆየ?

ሐ. ዝርዝር ከተሰለፈ በኋላ ድምሩ ስላልተለወጠ ትክክል ነው የሚል ጓደኛችሁን ምን ትሉታላችሁ?

መልስ፦ ለሀ ኮምፒዩተሩ 8 ይላል፤ እውነተኛው 11 ነው። ለለ 120 ቀን ነው። ለሐ መልሱን ከላይ ከተነገረው ታሪክ ታገኙታላችሁ፤ እናንተው ንገሩት።

ይህን ትምህርት ያነበበ የልማት ሠራተኛ ዛሬውኑ የያዘውን ዝርዝር ይክፈትና የቁጥሮቹን ብዛት ከገበሬዎቹ ብዛት ጋር ያመሳክር። አንድ እንኳ ከጎደለ ያን ሰው ክረምቱ ሳይገባ ፈልጎ ያግኘው።